ባሌስትራ

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ዘይት ጠጥቶ በጠቆረ መሬት፣
አባቴ ልየው ጋራዥ ነበረው፣ በርሜል ዘርግቶ በር የሠራለት።
ከተገለበጠ ኤንትሬ ላይ አንዷን ባሌስትራ ፈታና
ቀስት አደረጋት፤
በቆሎው ሌት ሌት እያለቀ፣ ከርከሮው ጩኸት ንቆ ነበርና።
«ጣልያንም» ይላል «ቀስቱን ባሌስትራ ነው የሚለው፤
ስሟን መች ነካሁባት፣
ሥራዋን ነው የቀየርኩት» — ይስቃል ጥርሰ ወላቃው ልየው።

ሰደፏ ዋንዛ፣ ቃታዋ የበር መቀርቀሪያ ስባሪ፣
ጅማቷ ሲባጎ፣ አሥራ ስምንት ዙር የተገመደ፣
ፍላጻዋ የባንጃ ቀርከሃ፣ ጫፉ በፌሮ የከበደ፤
ማታ ማታ፣ እንደ ጥጃ፣ እኔ ነበርኩ የእሷ አሳዳሪ።

ቅዳሜ ሲመሽ፣ ጆንያ ላይ፣ ፋኖስ በመሃላችን፤
መጀመሪያ ጭቃዋን በደረቅ ጨርቅ። ውኃ አናስነካትም።
«ውኃ ለብረት ሐሜት ነው፤ ሲገባ ድምፅ የለውም፣
ሲወጣ ግን ቀልቶ ነው፣ ያኔ ማንም አይሸሽገውም።»
ከዚያ ግራሶ፣ በጣት ጫፍ፣ ስስ፣ እንደ አራስ ልጅ ቅባት፤
«ሲበዛ አቧራ ይጋብዛል፤ አታልብሻት፣ ዳብሻት።»
ሲባጎዋን በሰም ማሸት፣ አውራ ጣት እስኪግል ድረስ፤
አንድ ክሯ ከጸጎረች መቁረጥ ነው እንጂ መሸንገል የለም፣
«ዛሬን ይለፍ» ያሉት ክር በነገው ፊት ላይ ነው የሚበጠስ።
ብሎኗን እስኪያምን ማጥበቅ፣ እስኪያለቅስ ግን አይደለም።
ሆዷን በጥፍር መፈተሽ፤ ስንጥቅ ከዓይን አምልጦ ለጥፍር ይናገራል።
«ደግሞ» ይላል፣
«ፍላጻ ሳትጎርስ ቃታዋን እንዳትስቢ፤
የምትወረውረው ያጣች ቀስት ጉልበቷ ራሷን ይሰብራል።
ባዶ ቤት ቆሞ ከሚጮህ ሰው ተማሪ፣ ልብ አስቢ።
ከሁሉም ከሁሉም ግን ተገትራ እንዳታድር፤
ፍቺያት። ብረትም ይተኛል።
ሌት የቆመ ይጎብጣል፣ ሰውም ይሁን፣ ወይ ማገር።»

በስድስት ክረምት የጣለችው ከርከሮ ሁለት ብቻ ነው፤
አንዱንም «በኔ ጦር የቆሰለ ነው» ብሎ አንማው ተከራከረው።
ጎረቤት ይስቅ ነበር፦ «ለሁለት ከርከሮ ይህ ሁሉ ሰም!
ልየው ቀስት ነው የሚያረባ፣ በቆሎውስ ምኑም አይደለም።»

መስከረም ማለቂያ ላይ፣ እኔ ማማ ላይ፣ ቀስቷ ተገትራ፣
ከታች ባትሪ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ይታይሽ ናት ስሜን የምትጠራ።
«ውረጂ፤ አባትሽ ተዳከመ።»
ጥያት ሮጥኩ፣ በእርጥብ ትልም፣ ጨለማውን ሳልፈራ።
ከአልጋው ደረስኩ። ስለ መሬቱ አልጠየቀኝም፣
ስለ ሞርሳው፣ ስለ ዕዳውም።
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።
«ፈታሻት?»
«አዎ» አልኩ። «አዎ፣ አባዬ» ደገምኩ፣ እንዲያምነኝ ፈለግሁ።
ዓይኑን ከደነ። እንደ ላላ ጅማት።

ድንኳን፣ ለቅሶ፣ ሠልስት፣ የዕድር ወንበር መመለስ፤
አርባው እስኪወጣ ማንም አልነበረም ወደዚያ ማማ የሚደርስ።
ቀስቷ እንዳለች ናት። ተገትራ። ዝናቡ ዝገት ነቁጦባታል፣
ከሲባጎዋ ላይ ሸረሪት አንዲት ቀጭን ክር ጨምሮባታል።
ፈታኋት።
ብረቷ ተነፈሰ። ግን አልተቃናችም፤
መርዶ እንደሰማ ትከሻ ጎበጥ ብላ ቀረች፣ አልተመለሰችም።

በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ ቀባኋት፣ ሰም አጠጣኋት።
ጀሪካን አንጠልጥዬ በሠላሳ እርምጃ ሞከርኳት፤
ፍላጻው ካለምኩት በታች አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ተተከለ።
ደገምኩ። ያው ስንዝር ነው፤ አልጨመረም፣ አልጎደለ።

ዘንድሮም ቅዳሜ ሲመሽ ጆንያዬን አነጥፋለሁ፤
ጨርቁ፣ ግራሶው፣ ሰሙ፣ ጥፍሬ፤ ቀስቷን ፈትቼ አሳድራለሁ።
ከርከሮው ሲመጣ ደግሞ፣ በጨረቃ፣ ማማው ጫፍ ላይ
አልምና
ያችን ስንዝር ከፍ አደርጋለሁ፣
ወደ ሰማይ።