የአያት ስም

ማናማ መሽቷል፤ ሰርቨሩ ብርድ ለብሶ እንደ ቀፎ ይተማል።
ስልሳ ሁለት በሮች፣ አንድ መዝገብ ብቻ፣
ለሁሉም መዝጊያ፣ ለሁሉም መክፈቻ።

ይመናሹ ስትቀጠር ቅጹ እምቢ አለኝ፣
«የቤተሰብ ስም» ሲል ደጋግሞ ጠየቀኝ፤
አያቷን ሞላሁለት።
ባሕር ሳያዩ ያረፉት፣ የመቄቱ ጓንጉል፣
ሦስት ዓመት ገቡ፣ ወጡ፣ የባንክ ወለል ሲወለወል።

ዛሬ ማታ ኮንትራቷ አለቀ፤ ትእዛዝ ደረሰኝ።
አንዴ ተጫንኩ።
ስልሳ ሁለቱም በር ባንድ ትንፋሽ ረሳት።

ስድስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ከምድር ቤት፦
«ጓንጉል፦ አልተፈቀደም።»
«ጓንጉል፦ አልተፈቀደም።»
ጫማዋ ሎከር ውስጥ ነው፤ አውቃለሁ።

በራሴ ካርድ ብከፍትላት፣
ከነሰዓቱ፣ ከነደቂቃው፣
መዝገቡ የኔን አያት ይጽፋል።

ይጻፋ።
ደረጃውን ጀመርኩት።