ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት

ሐሙስ ጠዋት፣ ደሴ። ጦሳ ጭጋጉን ተከናንቧል፤
በአዳራሹ ያለው ሁሉ እጁን ብብቱ ሸጉጧል።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ከሰዓት ሙሉ ንግግር
ሁለት ፍሬ ቃል ለቅሜ የማሰፍር በቀጭን መስመር።

አጀንዳ አንድ፦ የታችኛው የቁስል ማጠቢያ ክፍል
ወደ አዲሱ ሕንጻ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይዛወር የሚል።
አጀንዳ ሁለት፦ የጫማ ግዢ፣ ሦስት መቶ ጥንድ፣
ቁጥሩ አርባ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ዓይነቱ አንድ።

ሊቀመንበሩ አቶ ሙሉሰው ሰዓቱን አየና አጣደፈ፤
«ተቃውሞ ከሌለ…» አለ፤ ብዕሬ «የለም»ን ጻፈ።

ከበሩ አጠገብ፣ ከመጥረጊያውና ከሰባራው ወንበር መሃል፣
አንዲት ሴት ተነሣች። ነጠላዋ ክንዷን ሸፍኖታል።
ጦይባ አራጋው ናት፣ ከቦሩ በኩል። የጥሪ ደብዳቤ አልደረሳት፤
የዘበኛው ሚስት ናት፣ ጎረቤቷ፣ ስብሰባ አለ ያለቻት።
ከኋላ አንዱ አንሾካሾከ፦ «ሳይጠሩት አቤት…»
ሰማችው። ጆሮዋ ደኅና ነው፤ ጣቷ ነው የሄደባት።

«አቤት ያልኩት፣ ልጄ፣ ስሜን ሳትጠሩ
የእግሬን ነገር ስታወሩ ሰምቼ ነው ከበሩ።
ፎቅ ትላላችሁ። ደረጃውን ቆጥራችሁታል?
እኔ ዛሬ ወደናንተ ስወጣ ቆጠርኩት፤ ሠላሳ ሁለት ይሆናል።
የኔ እግር አያወራም። እሾህ ቢወጋው ዝም ነው፣
ምስማር ቢበሳው ዝም ነው፤
ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ደሙ «ነበርኩ» የሚለው።

ጫማም ብላችኋል። አምናም ገዛችሁ፤ አላህ ይስጥልን ብለናል፤
ቆዳውን ቆርጠን ለበር ማጠፊያ፣ ለአህያ መጫኛ አውለነዋል።
አንዱ ጣት የለው፣ አንዱ ተረከዝ፣ የጀማል ግራው ከቀኙ ያጥራል፤
አርባ ቁጥር ለማን ነው? ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ያምራል!
እኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው አለ፣ ቆዳ ሰፊው ጌጤነህ፣
አመድ ነስንሶ፣ እግርህን አስረግጦ፣ በዱካህ ልክ የሚሰፋልህ።
እሱ ይጠራ። እሱም «ፋቂ» ተብሎ ከደጅ የሚቆም ነው፤
እናንተ እዚህ የምትፈልጉት፣ አቦ፣ ደጅ የቆመው ነው።»

ዝም ተባለ። ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለው ይሰማል።
ሲስተር እናኑ፣ ዐሥር ዓመት ቁስል አጥባ አንድ ቀን ያልተጠየቀች፣
ጉልበቷን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «ልክ ናት» አለች።

የፊርማ ወረቀት ዞረ። ዐሥራ ሦስት ስም ታትሟል፤
ከዚያ በታች የወረቀቱ ጠርዝ ብቻ ይቀራል።
በእጄ ጨመርኩ፦ ተራ ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ጦይባ አራጋው።
«አሻራ» ብዬ ቀለሙን ገፋሁላት፤ ልማዴ ነው።
ነጠላዋን ገለጠች።
አፈርኩ። እሷ ሳቀች።
«አብሽር፣ አሻራዬ ቀድሞኝ ሄዷል፤
ያልኩትን ጻፈው፤ ያ ይበቃል።»

ቅጹ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች፤ «ኅብረተሰቡ ተሳትፏል» ትላለች፤
ሰባት ዓመት ራይት አድርጌባታለሁ፣ አንድም ቀን አልተቃወመች።

ለመጪው ሐሙስ፣ «እዚሁ» ተብሎ ጉባኤው ተበተነ፤
ሁለቱም አጀንዳ አደረ፤ ምንም አልተወሰነ።
ለምሳ ስወርድ አየኋት፣ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ፣
የሳንቲም ታህል ቀይ ነጠብጣብ፣ ገና ያልደረቀች።
ማንም አላስተዋላት፤ እሷም፣ መቼስ፣ አላወቀች።

ደረጃውን እየቆጠርኩ ተመለስኩ። መዝገቡን ገለጥኩ። «እዚሁ»ን ፋቅኩት፤
«ምድር ቤት» ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት።
ከሥሩ አንድ መስመር አሰመርኩ። ተራ ቁጥር ዐሥራ አምስት።