የሲቲና ልክ

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ሲወረድ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ፔዳል ስሄድ፣
የትም ያልደረስኩ ሰፊ ነኝ፤ ስሜን
የፈለገ ይጠይቅ መኪናዬን።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ልጄ መጣች፣ ሲቲና፤
የኮሌጁን ወረቀት ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና
ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፤
ክር በምትቆርጥልኝ ጥርሷ ከንፈሯን ነከሰች።

አነበብኩት። ለአንድ ሴሚስተር ይህን ያህል ሺህ፤
ምዝገባው ለብቻ፣ ላብራቶሪው ለብቻ። ያወጣሁት ቃል፦ «እህ።»

እኔ ብር የምቆጥረው በሱሪ ነው፣ በእግር፤
ግራው ለቤት ኪራይ፣ ቀኙ ለዳቦና ለክር።
በጠመኔ አሰላሁት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፦
አምስት መቶ ሠላሳ ሱሪ ማሳጠር፤ ያውም ሌላ ጉዳይ
ካልመጣ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ጉንፋን ካልያዘኝ።
የሐረር ሰው ሁሉ ቁመቱ ቢያጥር ነው የሚያዋጣኝ።

ማታ ስልኳን ከፍታ አገር ትቆጥርልኝ ጀመር፦
«ጀርመን ተማሪው አይከፍልም፤ የሚከፍለው ግብር
ሰብሳቢው መንግሥት ነው። አውስትራሊያ ተምረህ ትወጣለህ፤
ደሞዝህ ከዚህ ልክ ሲያልፍ ብቻ ቀስ እያልክ ትመልሳለህ።
ስዊዘርላንድ ልጁ ሦስት ቀን ፋብሪካ፣ ሁለት ቀን ክፍል ይውላል፤
እየተማረ ደሞዝ ይበላል።»
እናቷ ከጓዳ፣ «እኛ ጋስ?» አለች፣ ሽንኩርት እየላጠች።
ሲቲና ስልኩን ነካካች፤ ኔትወርኩ የለም፤ ሳቀች።

ተኝቼ አሰብኩ። የሰው አገር ኮት ለእኔ አዲስ አይደለም፤
ሸዋ በር ካለው የልባሽ ክምር ያልመጣልኝ ዓይነት የለም።
እንዳለ የለበሰው ሰው በአባቱ ኮት ያለ ሕፃን ይመስላል፤
«የእኛው ይበቃናል» ያለም ኅዳር ሲገባ ይበርደዋል።
እኔ ኮቱን እገለብጠዋለሁ፤
ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ እዘረጋዋለሁ፤
የሰፋውን ሰው እጅ እፈልጋለሁ።
«ነፃ» የሚሉት፣ ሲገለበጥ፣ ገበሩ ግብር ነው፤
ከውስጥ ሆኖ የገበረው ነው ከውጭ ያሳመረው።
«ኋላ ትከፍላለህ» ያሉት ደግሞ የልጅ ቀሚስ እጥፍ ነው፤
ልጅቱ ካደገች ይለቀቃል፤ ካላደገች ማን ሊነካው?
የስዊዘርላንዱንስ እዚሁ ለብሼዋለሁ፦
ጠዋት ቁርኣን ቤት፣ ከሰዓት ከጌታዬ መኪና ሥር አድጌአለሁ።
የጎደለው ወረቀቱ ነው።
ደሞዙም።

ዓርብ አፎቻ ተቀመጥን። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ከፈኑንም
የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከፈን ልክ አይወሰድለትም።
ሰው ሞተ ሲባል፣ ሳንጠያየቅ፣ ሰዓት ሳይሞላ እናዋጣለን።
«ለሞተ እንዲህ ከቸኮልን፣
ለምትማር ልጅ ለምን ይህን ያህል እንለካለን?»
አልኩ። ዩስሪ ሳቀ፦ «ትምህርት ማጣት መቼ ሰው ገደለ?»
አንዱ ጫቱን ጠቅልሎ ወጣ። ሌላው «ዋሷ ማነው?» አለ።
አው ሙክታር፣ ጆሮው የማይሰማው፣ እጁን ኪሱ ከተተና
«ማነው የሞተው?» አለ፤ ብሩን ምንጣፉ ላይ ዘረጋና።
ያን ጊዜ ማንም አልሳቀ።
እስከ መግሪብ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ፦ በብድር፣ ለአንድ ሴሚስተር፣
ሥራ ሲይዙ ሊመልሱ፤ ካልያዙ፣ እጥፉ እንደታጠፈ ሊቀር።

መዝገቡን ገለበጥኩት።
ከግራ ሟቾቹ ናቸው፣ በአማርኛ፤ ከቀኝ፣ በዓረብ ፊደል፣
የልጆቹን ስም ጀመርኩ፤ የዳቦ ቤቱ ዘበኛ ልጅ፣ ነቢል፤
ቀጥሎ ኢክራም፤ ሐፍረት ይዞኝ፣ ሦስተኛ ሲቲና።
መሀል ላይ ያለውን ባዶ ገጽ ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ስድስት ነው። ገና
የትኛው ወገን እንደሚቀድም አላውቅም።

ብድሩ ግማሹን ነው። ቀሪው ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ሱሪ
በእኔ እግር ላይ አለ።
እና፣ የሐረር ሰው፣ ልብስ ስትገዙ፣ ልጄን አስባችሁ
ረጅሙን ምረጡ፤ አሳጥራለሁ።