ስምንት መደብ

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰማዩ ሊነጋጋ ሲል፣
የአዌቱ ጉም ከወንዙ ወጥቶ ባጥሩ ሁሉ ሲንጠለጠል፣
ከቅዳሴ መጣን፣ ሌሊቱን ቆመን አድረን፣
ጧፍ ጧፍ የሚሸት ነጠላ ትከሻችን ላይ ጥለን።
ሄርማታ ነው፤ ከሻምበል ጉተማ ጓሮ፣
በሬው ቆሟል ካቮካዶው ግንድ ታስሮ።
ዳልቻ ነው፤ ከግንባሩ ቦቃ አለበት፤
ከሰርቦ ገበያ ነድተው፣ ስምንት ቤት ያዋጣበት።
ይተነፍሳል።
ትንፋሹ ነጭ ነው፤ ብርዱ ላይ ይጨሳል።

መምሬ ቀጸላ ልጅ ሳለን ሲያስተምሩን፣
«ጨርቅ ባይበቃው በዚያ ብርድ» ብለው ነበር የነገሩን፣
«ያሞቀው በሬ ነው፣ እፍ እፍ እያለ ባፉ፤
የሰው ቤት ሞልቶ፣ ሳይከፈት ደጃፉ።»
እኔም ከዚያ ትንፋሽ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤
ለሥጋ መጥቼ፣ ዕዳ ያለብኝ መሰለኝ።
ጌታዬን ማን አሞቀው? ደግሞ ማን ቢላ ይስላል?
ይህን ለሻምበል ብነግረው፣ በሳቅ ይገነፍላል።
ዝም አልኩ። በሬው ተጣለ። ፊቴን አዞርኩ።
ትንፋሹ በነበረበት የደሙ እንፋሎት ብቻ ቀረ፤
አማተብኩ።

ከዚያ ሥራ ሆነ፤ ኮባ ተነጠፈ፣
ስምንት መደብ ሥጋ በተራ ተሰለፈ፤
ጉበቱ ሳይቀር፣ ሻኛው ሳይቀር፣ እንደ ብር ተመንዝሮ፣
ሻምበል በዓይኑ መዝኖ፣ በጣቱ ቆጥሮ።
«ዕጣ አምጡ!» አለ፤ ሁሉም ኪሱን ፈተሸ፤
የሱቅ ቁልፍ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣
የጫልቱ የጸጉር መያዣ፣ ጥርሱ የተበላሸ።
እኔ የባሌን የካፖርት ቁልፍ ከባርኔጣው ጨመርኩ፤
ካረፈ ሦስት ገናው ነው፤ በሱ ቁልፍ ስቆጠር ኖርኩ።

ዕጣ ጣይ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ነው፤
ነገር እንዳይገባበት፣ ከሥጋው የማይካፈል ሰው።
ስለዚህ ነዚፍ ተጠራ፣ የጎረቤታችን የአባ ፊጣ ልጅ፣
ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባጥሩ ቀዳዳ ሲያየን ነበር፣ ከደጅ።
እርዳችን አይገባቸውም፤ ዳቦው ግን ተልኳል ቀድሞ፤
በዒዳቸው ለት ሳህኑ በዚያው አጥር ሞልቶ ይመጣል ደግሞ።
ባርኔጣውን ተቀበለ፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ፣
ቁልፉን እዚህ፣ ቆርኪውን እዚያ፣ ሁሉን በየመደቡ ጣለ።
ከዚያ፣ ማንም ሳይለው፣ ከኪሱ ብይ አወጣ፤
ከኔ ቁልፍ አጠገብ አኖራት፤ «ይቺ ደግሞ የኔ ዕጣ።»

ጓሮው በሙሉ ሳቀ። እኔን ግን ሳቁ አነቀኝ።
ሊበላ አይደለም እኮ፤ ከኛ ጋር ሊቆጠር ነው።

በዚያም ዘመን ቆጠራ ነበር፤ ቄሳር ሰው ሁሉ ይቆጠር ብሎ፤
እሱ ግን የማይቆጠር ሳለ፣ መጣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
ሳይጎድልበት፣ ድርሻ ሳይሻ፣ ማንም ሳይለው «ና»፣
ከኛ መደብ አጠገብ ራሱን አኖረ፣ ዝቅ አለና።
ኋላ በቀሚሱ ዕጣ ተጣጣሉበት፤
ያን ቀን እንኳ
ዕጣውን ከመደባችን ላይ አላነሣም።

ብዙ ገና አልፎኛል፤ ስብከቱን ቆሜ ሰምቼ፤
ዘንድሮ ግን ኮባ ላይ አየሁት፣ ለድርሻዬ ፌስታል ከፍቼ።

ብዩን ልመልስለት ብል፣ «እዚያው ትሁን» ብሎ ሮጠ።
ወደ መርካቶ ሳቀና፣ ከአንዱ ሱቅ በረንዳ ላይ፣
የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፣ ሲበራ ሲጠፋ የሚታይ፣
በጥጥ በረዶ ተሸፍኖ።
እንዲህ ያለ በረዶ ጅማ አይታ አታውቅም፤ ይሁን፣ ያምራል።
ከሥሩ ግን አንድ ጎረምሳ ካርቶን ደርቦ አድሯል፤
ቡና ሊለቅም ከዳውሮ መጥቶ፣ መመለሻ ያጣ።
ቆምኩ። እፍ አልኩ። ትንፋሼ ነጭ ሆኖ ወጣ።
ማንን ላሙቅበት?

«ስምህ ማነው?» አልኩት። ነገረኝ።
«ተነሣ፤ ዛሬ የሚጣደው ድስት ለአንድ ሰው ይበዛል።»
ሄድን። እሱ ሥጋውን ተሸከመ፤
እኔ ኪሴ ውስጥ ቁልፉና ብዩ
በየርምጃው ሲንኳኩ ይሰማኛል።