ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ

ሠላሳ ክረምት ነው ገመድ የያዝኩለት፣
አባ ጌሮ ወርዶ ምድርን ሲበሳሳት።
የሄርማታ ጓሮ፣ የቦሳ፣ የጊንጆ፣
ሆቴሉ፣ ጡብ ቤቱ፣ የረዲ ላቫጆ፣
የኛ እጅ ያልነካው፣ እኛ ያልከፈትነው
የውሃ አፍ የለም፤ ሁሉም የኛ ዕዳ ነው።

ገመዱን ጠይቁት። ገመድ አይዋሽም።
ስንጀምር ዐሥራ ስድስት ክንድ።
ረዲ ፓምፕ የገዛ ዓመት፣ ሃያ አራት።
ጡብ ቤቱ ሲከፈት፣ ሠላሳ አንድ።
አምና የካቲት፣ አርባ፤
ባልዲው ይዞ የወጣው ጭቃና
ዓይኗ የፈጠጠ አንዲት እንቁራሪት።

ይህ ሁሉ ጅማ ላይ!
ዝናብ ስምንት ወር ቆርቆሮ በሚደበድብበት፣
ሰው ጃንጥላውን እንደ ከዘራ በሚመረኮዝበት፣
አዌቱ በነሐሴ "ድልድይ ካልነቀልኩ" በሚልበት አገር።

"ሰማይ አልነፈገንም" አለ አባ ጌሮ፤
"በሩን እኛው ዘጋን። ከላይ ቆርቆሮ፣
ከታች ኮብልስቶን፤ ቦዬ ረግረጉ በአፈር ተሞልቶ፣
ዝናብ ሲያንኳኳ ከርሞ የሚከፍትለት አጥቶ
ታዝቦን ይሄዳል፣ ወደ ጊቤ።"

መጋቢት ሳይገባ ጠራኝ።
"ገመድህን አምጣ። የሚጠጣ ጉድጓድ እንቆፍራለን።"
(አላልታችሁ አንብቡት፤ ጠጪው ጉድጓዱ ነው።)

በመስጊዱ ጣሪያ አሸንዳ ገጠምን፣
ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋ በተራ ደረደርን።
ሠፈሩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ።
ሙስኪያ፦ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አልሰማችሁም?"
ረዲ ደግሞ፣ የመኪና አረፋ ክንዱ ላይ እንዳለ፣
"ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ! ይኸው አየነው!" አለ።

የመጀመሪያው ዝናብ አሳፈረን።
ደለል አፉን ደፈነው፤ ጉድጓዱ ጎርፉን ተፋው፤
የሙስኪያን ጎመን ከነመደቡ ጠረገው።
ጎመኑን ከፈልን።
ደለል የሚያስቀር ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ከፊቱ ማስን፣
አሸዋውን በአካፋ አውጥተን፣ አጥበን መለስን።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ሌሊት፣
ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ጣል አደረግሁ።
ጉርጉጭ። ጉርጉጭ። እንደ ጥጃ።
ምድር ስትጠጣ (አሁንም አላልታችሁ) ሰምቼ አላውቅም ነበር፤
ስትጠጣ (እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጉ) ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ።

የካቲት ደረሰ። ገመዱን አወረድኩ።
አርባ። ያው አርባ። ያው ጭቃ።
አባ ጌሮ ፂሙን አሻሸ እንጂ አልተናገረም።

ከዚያ ከቁልቁለቱ ረዲ እያለከለከ መጣ፦
"ሠላሳ ሰባት! የኔ ጉድጓድ ሠላሳ ሰባት ሆነ!"

ሦስት ክንድ። ለላቫጆ!
አልዋሽም፣ ደሜ ፈላ።
የኔ መዳፍ ተልጦ፣ የሱ መኪና ሊታጠብ?
የመስጊድ ጣሪያ ውሃ፣ ለሚኒባስ ጎማ?

"ብድር በምድር ሲሉ" አለ አባ ጌሮ፣ ቀስ ብሎ፣
"ምድር ለማን አስቀድማ እንደምትከፍል አልነገሩንም።
ደግሞስ ከማን ነበር የወሰድነው? ስሙን ታውቀዋለህ?"

መልስ አልነበረኝም። ገመዱን ጠቀለልኩ።
ረዲ ግን አልሄደም። ቆሞ
ያን ሰፊ፣ የዛገ የላቫጆውን ጣሪያ
ከሩቅ ሲያየው፣ ሲያየው ቆየና፦

"አሸንዳ" አለ፣ "ሜትሩ ስንት ነው?"