በወጣህበት ማርሽ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣
ሠላሳ አንድ ሆነን ስንማር ስለ ሞተር፣
ግማሹ ጥቁር ዘይት ከጥፍሩ ያልለቀቀው፣
ግማሹ ጎማ እንኳ ፈትቶ የማያውቀው፣
በማርቆስ ክረምት ብርድ እግራችን ደንዝዞ፣
የአየር ፍሬን መስመር ሰሌዳው ላይ ተጉዞ፣
መምህርት ይታይሽ፣ ጠመኔ የነካው ጣቷ፣
«ወረቀት አይነዳም» ነበር የሰኞ ትምህርቷ።

እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ረዳት ነበርኩ፤
በጋሼ ውብነህ ተሳቢ፣ ታኮ ይዤ ያደግኩ።
ሸራ ስቤ፣ ገመድ ወጥሬ፣
ጎማ በመዶሻ መትቼ፣
ድምፁን እንደ ደወል ሰምቼ፣
«ይኼኛው ጎድሎታል» የምል፣
በጨለማ በጆሮ ማየት የምችል።

ከደጀን ጫፍ ሲደርስ ጋሼ ውብነህ ይቆማል፤
ወርዶ፣ እንደ ሐኪም፣ ጎማውን ይዳስሳል።
«ስማ አንተ ልጅ» ይለኛል፤ «ዓባይ ሰው አይጠላም፣
የቸኮለን እንጂ የዘገየን አይበላም።
በወጣህበት ማርሽ ውረድ።
ፍሬን የባለሱቅ ዱቤ ነው፤
በየኩርባው ከጠየቅኸው፣
የጭንቁ ቀን ደርሶ «አለህ ወይ?» ስትለው፣
«አልቋል» ነው መልሱ። «አልቋል» ነው።»
ሃያ ሰባት ዓመት ወረደው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ወጣው፤
ጭጋጉ አላሳተው፣ ናዳው አላገኘው።

ታዲያ ማታ ማታ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ጥላ፣
ስልኩን እያሻሸ ይጠብቀናል ደላላ፦
«ጥያቄው ከነመልሱ እዚህ ተሰቅሏል፤
ኪስ ትንሽ ከሳሳ ፈተና ይቀልላል።»
እውነት ልናገር? አሰብኩት።
የሁለት በግ ዋጋ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩት።

ሐሙስ ለት ይታይሽ ጠየቀች፦
«ረጅም መንገድ የያዘ ሹፌር መቼ ነው የሚያርፈው?»
«ጭነቱ ሲራገፍ!» አለ አንዱ የቡሬ ልጅ።
«ጫቱ ሲያልቅ!» አለ ሌላው።
ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።
እሷ አልሳቀችም። እኔም።

ጋሼ ውብነህን የበላው ዓባይ አይደለም።
ደምበጫን አለፍ ብሎ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ያለ አስፋልት፣
ግራ ቀኙ በቆሎ፤ ኩርባ የለበት፣ ገደል የለበት፣
ማዳበሪያ ጭነን ከጅቡቲ በተነሣን በሦስተኛው ሌሊት።
«ትንሽ ነው የቀረን» አለኝ። «አይዞን» አልኩት።
የእኔ ሥራ እሱን ማንቃት ነበር፤ ቀድሜው ተኛሁበት።
ስነቃ፣ መሪውን እንዳቀፈ አገኘሁት።

«አራት ሰዓት ከነዳ፣ ያርፋል» ይላል መጽሐፉ።
አንዲት መስመር ናት፣ ከገጹ ግርጌ፣
በእኛ መኪና ውስጥ፣ ያን ሁሉ ዓመት፣
ማንም ያላነበባት።

እጄን አነሣሁ። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውሰው፤
የቡሬው ልጅ ኮፍያውን ማውለቁን ነው የማስታውሰው።
ያን ማታ ደላላው በስሜ ቢጠራኝም፣
የሁለት በጎቼን ዋጋ አላወጣሁለትም።
የመጀመሪያውን ወደቅሁ፤ የምልክት ጥያቄ ነበር፤
ሁለተኛውን አለፍኩ፣ በሁለት ነጥብ፣ በእግዜር።

አሁን ደጀን ነኝ። መሪው በእኔ እጅ ነው።
ከኋላዬ አርባ አራት ሰው፣
አንዲት አራስ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ።
«ሹፌር፣ ምን ሆነህ ቆምክ?» ይላል አንዱ ተማሮ።
ወርጄ ጎማውን እዳስሳለሁ።
የረዳቴን መዳፍ ስቤ እዚያው አኖራለሁ።
«ለብ ብሏል» ይለኛል፤ ዓይኑ ቀላ ያለ ነው።
«ማታ ተኝተሃል?» እለዋለሁ።

ይህን ጋሼ ውብነህ ጠይቆኝ አያውቅም።
ልጁ መልሱን ሲያስብ፣ እጠብቀዋለሁ።
ከዚያ በኋላ ነው
ማርሹን ሁለት ላይ የምጥለው።