የአስኳሉ ስንቅ

በአቦትስፎርድ ሜዳ፣ ጭጋግ ሲጨብጠው፣
ነጭ ዝይ ሰፍሯል፣ የበቆሎ ቃርሚያ እየለቃቀመው።
አብራም ፍሪሰን ከደጅ፣ ቦቲውን በመድኃኒት ነክሮ፣
አምና አፈር ያለበሰውን መንጋ በልቡ ቆጥሮ፣
«ዘንድሮስ?» ይለኛል።

ቁጥር አርባ አንድን አውጥቼ ከብብቴ ሥር ያዝኳት፣
ላባዋን በአልኮል አርሼ ክንፏን ገለጥኩላት፤
ሰማያዊ ሥር አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣
ልቧ መዳፌን ሲደልቅ፣ ቁጥሩ ከእኔ ባከነ።
«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ሲባል ሰምቻለሁ፤
እኔ ግን በመርፌ ነው፣ ሁለት ጊዜ አታልያለሁ፦
ያኔ የሞተ ቫይረስ በጡቷ ሥጋ ሰጠሁ፣
ዛሬ ምን እንደመለሰች ልሰማ ደሟን ቀዳሁ።

ክትባት ከ«ከተበ» ወጣ፤ ከተበ ማለት ጻፈ ነው።
የጻፍኩባትን ላነብ ነው እንግዲህ የመጣሁት።
መልሷንም በእኛ ቋንቋ «ፀረ እንግዳ አካል» ይሉታል፤
የእንግዳ እግር በሚያጥብ ሕዝብ አፍ ምንኛ ይጎረብጣል!
እሷ ግን ምን ታድርግ?
የእሷ እንግዳ ራት አይበቃው፤
ባለቤቷን ነው የሚበላው።

ማታ፣ ላቦራቶሪ። ዘጠና ስድስት ጉድጓድ።
ሰረሙን በእኩሌታ፣ ደግሞ በእኩሌታ አቅጥኖ መውረድ፤
ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት...
ቀዩ ደም ከተበተነ ድሉ የቫይረሱ ነው፤
እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ከሥር ከረጋ፣ የእሷ ነው።
በሦስተኛው ሳምንት ቁልፏ ከሠላሳ ሁለት አያልፍም ነበር፣
ዛሬ፣ በስድስተኛው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ላይ ጉብ ብሎ ሲያምር!

ሃያ ዘጠኝ ግን ባዶ ናት። አንድም ቁልፍ የላት።
ያው መርፌ፣ ያው ቀን፣ ያው ጥሬ፤
ለምን? አላወቅሁላት።

የአርባ አንድን እንቁላልም ሰብሬ አስኳሉን መረመርኩት፤
በደሟ ያነበብኩትን እዚያም ተጽፎ አገኘሁት።
ለካ ማንም ሳያያት ለጫጩቷ ስንቅ ቋጥራለች፤
«ይህን ፊት ካየህ አትፍራ፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብላለች፣
አውራ ዶሮ ረግጦት በማያውቅ ቤት።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
ይህኛው እግር የለውም፣
ስንቁን እንደያዘ ቢጫ ከረጢት ይገባል።

ስልኩ ጮኸ። ፍሪሰን ነው። «እሺ፣ ዘንድሮስ?»
«ከአርባ ስምንቱ አርባ ሰባቱ መልሰዋል» አልኩት።
ስለ ስንቁ አልነገርኩትም።
በስልኩ ውስጥ፣ ከድምፁ ኋላ፣
ዝይዎቹ በጨለማው ያወራሉ።